ሐረጎ ላይ ያልተከፈተው መስኮት

ሞላልኝ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። ይህን ከመነሻው መናገር ይሻላል፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ ከእሱ የተሻለ አስተርጓሚ የለም እየተባለ ይወራ ነበር። ሥራው ሚኒባስ መንዳት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ሲመላለስ ፀጉሩ ገባ ገባ ብሏል፤ በሁለቱ ከተሞች መሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት መጠምዘዣዎች ከሚስቱ ከብዙዬ ጠባይ የበለጠ ያውቃቸዋል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከዚህ ያለፈ ዝና የለውም። ዝናው የሚጀምረው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሚሌኒየሙ ከመከበሩ ትንሽ ቀደም ብሎ እትዬ ኡሙሰልማ ሰኞ ገበያ ያለው ሻይ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ዲሽ አስተከሉ። ያሰቡት ለዜናና ለኳስ ነበር። እሁድ እሁድ ግን በአንዱ የውጭ ጣቢያ ላይ ሦስት ነጮች መኪና እየነዱ የሚሰዳደቡበት ፕሮግራም ይመጣ ጀመር፤ የደሴ ሾፌርም ኳሱን ትቶ እሱ ላይ ተተከለ። ችግሩ ቋንቋው ነው። ሰዎቹ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ መሪ ይደበድባሉ፤ ቤቱ ደግሞ አፉን ከፍቶ ያያል። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ሰው፣ "ኧረ ምንድን ነው ያለው?" ብሎ ጮኸ። ሞላልኝ፣ አፉ ከሐሳቡ የሚቀድም ሰው ነውና፣ "‹ይቺን መኪና የገዛኸው ሚስትህን ሳታማክር ነው› አለው" ብሎ መለሰ። ሳቁ መንገድ ተሻግሮ ተሰማ። ከዚያች እሁድ ጀምሮ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው ወንበር የሞላልኝ ሆነች።

መቼም ይህን ውሸት ነው ማለት ይከብዳል። ሞላልኝ እጁና ፊቱን እያየ፣ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ፣ ሰዎቹ ሊሉት ይገባ የነበረውን ነገር ነበር የሚልላቸው። ስም እንኳ አወጣላቸው፦ መላጣው፣ ቀይ ጢሙ፣ ባለባርኔጣው። ስም ብቻ አይደለም፣ ታሪክም ሰጣቸው። ቀይ ጢሙ የመላጣውን እህት ለትዳር ጠይቆ ተከልክሏል፤ በየሳምንቱ የሚናቆሩትም ለዚህ ነው። እህትየዋ አንድም ቀን በቴሌቪዥን አልታየችም። ለምን ቢሉት፣ "ጨዋ ስለሆነች ነው" አለ፤ ቤቱም አመነ። እትዬ ኡሙሰልማ ራሳቸው ሻይ እየቀዱ፣ "ይህ መላጣ ግን ልቡ ድንጋይ ነው፤ ልጅቷን አስረጃት እኮ" ይሉ ነበር።

ከሞላልኝ ቀኝ ሁልጊዜ አብዱልወሀብ ይቀመጣል። አብዱልወሀብ ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ ሰፈር ትንሽ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ እሁድ እሁድ ሐረጎን ወጥቶ ሻዩን በቅርንፉድ ይጠጣና ማታ ሳይመሽ ይወርዳል። የተዋወቁት አሰብ ነው። ሞላልኝ ያኔ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ አብዱልወሀብ ወደቡ ላይ ይሠራ ነበር። ሙቀቱ ሞላልኝን ሲያንገበግበው አብዱልወሀብ ጣሪያ ላይ ያለ አልጋውን ለቆለት እሱ መሬት ተኝቷል። ጦርነቱ መጥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ሁለቱም ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ወዳጅነቱ ግን አልተዘጋም። አብዱልወሀብ ዝምተኛ ነው። ቤቱ በሳቅ ሲንጋጋ እሱ ፈገግ ብሎ ሻዩን ያማስላል።

ቤቱ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ጊዜ አንድ ነበር። ከሦስቱ የአንዱ መኪና መንገድ ላይ ይሞታል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ይቆማል፤ ሌሎቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ ከት ብለው እየሳቁ ጥለውት ያልፋሉ። ያኔ ሰዉ ጠረጴዛ ይደበድባል። የሚደበድቡት ደግሞ እነማን መሰሏችሁ? ሐረጎ ላይ ኮፈኑን የከፈተ መኪና አልፈው የማያውቁ ሾፌሮች ናቸው። ነገሩ በሕግ የተጻፈ አይደለም፤ ትራፊክም አይቀጣበትም። ሐረጎ ላይ የቆመ መኪና ካየህ ግን ትቆማለህ። መቆም ባትችል፣ ዝናብ ቢሆን፣ ብትቸኩል፣ የጫንከው ሰው ቢነጫነጭ፣ ቢያንስ መስኮትህን ዝቅ አድርገህ "ኸይር ነው?" ትላለህ፤ እሱ "አብሽር፣ ኸይር ነው" ሲልህ ታልፋለህ። መስኮቱን ሳይከፍት ያለፈ ሾፌር፣ እሱ ኮምቦልቻ ሳይደርስ ስሙ ቀድሞት ይደርሳል። የነጮቹ መንገድ ግን ሩቅ ነው፤ እዚያ ሲሆን ያስቃል።

ነገሩን ያመጣው ሀፊዝ ነው። ሀፊዝ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርፅ ልጅ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ ያላስለቀሰው ሙሽራ የለም። አንድ እሁድ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ብድግ አለና፣ "እኛ ምን ጎደለን? መኪና አለን፣ መንገድ አለን፣ ተሳዳቢ ሞልቷል። የደሴውን እንሥራው" አለ። ለሞተር ዘይት ማስታወቂያ የሚፈልግ አንድ ነጋዴ ያውቃል፤ የመጀመሪያው ክፍል ካማረ በየወሩ አሠራችኋለሁ ብሏል። ዘወር ብሎ ሞላልኝን አየውና፣ "መሪው አንተ ነህ" አለው።

ያን ሌሊት ሞላልኝ ሲገላበጥ አደረ። ስንት እሁድ የሰው አፍ ሆኖ ኖሯል። ሰው ሲስቅ የሚያየው መላጣውንና ቀይ ጢሙን ነው፤ እሱን ማንም ዘወር ብሎ አያይም፤ ቢያይም "ምን አለ?" ለማለት ነው። አሁን ግን የገዛ ፊቱ በገዛ አፉ ሲያወራ ሊታይ ነው። ሞላልኝ በዕድሜው እንዲህ አጥብቆ የፈለገው ነገር አልነበረም። ብዙዬ፣ "ምን ሆነሃል፣ አሞሃል?" ብትለው፣ "ዝም በይ፣ አርቲስት ሆኛለሁ" አላት።

ሦስት ሰው ይፈለጋል። ሁለተኛው አብዱልወሀብ ሆነ፤ ካሜራ አይወድም፤ ሞላልኝን እምቢ ማለትም አይሆንለትም። ሦስተኛው ፊዚክስ የሚያስተምሩት መምህር ኪዳኑ ናቸው፤ የተመረጡት በመልካቸው ሳይሆን ቮልስ ስላላቸው ነው። አብዱልወሀብ ከጋራዡ የማይጠፋውን አሮጌ ፔጆ ይነዳል። ሞላልኝ ከሚስቱ ወንድም ከደሳለው ላዳ ለመነ። ደሳለውም ሰጠው፤ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀ፦ መኪናዋ በሄደችበት እሱም አብሮ ይሄዳል። እናም ደሴ በታሪኳ የመጀመሪያውን የመኪና ፕሮግራም የቀረጸችው፣ የተወዳዳሪው መኪና ባለቤት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በየጉድጓዱ "ቀስ!" እያለ ነው።

የውጭውን ፕሮግራም አገር ቤት አምጥቶ መሥራት ለምን እንደሚያስቸግር ሀፊዝ በዚያ ሰሞን ተማረው። እነዚያ ነጮች መኪና ከገደል ይለቃሉ፤ ሲሰባበር ይስቃሉ። እዚህ የማንን መኪና ነው የምትለቀው? አንድ ላዳ ስንት ቤተሰብ እንደሚያኖር ማን ያጣዋል። ሦስቱ ለሚያደርጉት ውድድር ፈቃድ ሊጠይቅ መሥሪያ ቤት የሄደ ጊዜ ደግሞ አንድ በጣም ትሑት የሆነ ሹም ወንበር ስቦ አስቀመጠውና፣ ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ግን ውድድሩ ከተፈቀደው ፍጥነት እንዳይበልጥ፣ ማሳረጊያውም ስለ መንገድ ደኅንነት መልእክት ይኑረው አለው። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ደሴ ማን ቀድሞ ይደርሳል የተባለው ውድድር፣ ማንም ማንንም በማይቀድምበት ፍጥነት እንዲካሄድ ተወሰነ።

ከሁሉ የባሰው ስድቡ ነበር። መኪናዎቹ ኮምቦልቻ ተደርድረው ሀፊዝ "በሉ፣ ተናቆሩ" ሲል፣ ሞላልኝ ወደ መምህር ኪዳኑ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ቮልስዎ ኤሊ ነው" አላቸው።

"ኧረ ምንም አይደል ልጄ" አሉ መምህር ኪዳኑ፤ "ለነገሩ እውነትህን ነው። የሞተሩ ጉልበት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር..." ብለው ፊዚክስ ጀመሩ።

"ስድብ ነው ያልኩት! ስድብ!" አለ ሀፊዝ። "አብዱልወሀብ፣ አንተ ሞላልኝን ስደበው!"

አብዱልወሀብ ብዙ አሰበ። "ወላሂ፣ ሞላልኝ አነዳዱ ጥሩ ነው" አለ። "ፍሬን ላይ ግን ትንሽ... እሱም ቢሆን ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው።"

ሀፊዝ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ሰማይ ሰማይ አየ። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ ስድቡ ይቅር። አንድ ነገር ብቻ ሥሩልኝ፤ ያቺን ጥሎ ማለፍ። እሷ ከሌለች ፕሮግራሙ የለም" አለ።

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። አብዱልወሀብ ሐረጎ መሐል ላይ፣ ገደሉ ጥግ ይቆምና ኮፈኑን ይከፍታል። ፔጆው ምንም አልሆነም፤ የተበላሸ ይመስላል እንጂ። አብዱልወሀብ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጎማውን በእግሩ ይመታል። ሞላልኝ ጥሩምባውን እየነፋ፣ እየሳቀ፣ ሳይቆም ያልፋል። ሀፊዝ ከላይ መጠምዘዣው ላይ ሆኖ ይቀርጻል፤ የሞላልኝን ሳቅ እንዲይዝለት ደግሞ ላዳዋ ውስጥ ድምፅ መቅጃ አስቀምጧል። ቀላል ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ ሞላልኝ ቆመ። ሊቆም አስቦ አይደለም፤ የተከፈተውን ኮፈን ሲያይ እግሩ ራሱ ፍሬን ያዘ። መስኮቱን አውርዶ "ኸይር ነው?" ሲል የገዛ ድምፁን ሰማው። አብዱልወሀብም "አብሽር፣ ኸይር ነው" አለ። ሀፊዝ ከላይ ሆኖ ራሱን ያዘ።

ሁለተኛውን ሙከራ ሊጀምሩ ሲሉ ከሐርቡ የመጣ አይሱዙ ቆመ። ሾፌሩ ወረደ፤ ረዳቱ ጎማ ሥር ድንጋይ አደረገ። ሀፊዝ እየሮጠ ወርዶ፣ "አልተበላሸም፣ ፊልም ነው" ቢል ማን ይስማው። "ኮፈን ከፍቶ አልተበላሸም የሚል ሰው ነገሩ ጠንቶበታል ማለት ነው" አለ የአይሱዙው ሾፌር፣ እጅጌውን እየሰበሰበ። ከደጋን እህል ጭኖ የሚመጣ ሌላ መኪናም ቆመ። ሚኒባስ ቆመ፤ ተሳፋሪው ወረደ። አንዱ ውሃ ያፈሳል፣ አንዱ ባትሪ ይነካካል፣ አንዱ ካንዴላ ይፈታል። አብዱልወሀብ መካኒክነቱን ቢነግራቸውም "መካኒክ የራሱን አያይም" አሉት። ሀፊዝ ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ ሊያለቅስ ደርሶ በመጨረሻ በተናቸው። የመጨረሻው ሰውዬ ጥድፊያ ላይ ስለነበር የፑንቲናውን ክዳን ሲመልስ አንዲት ትንሽ ብሎን ከእጁ አመለጠችና ገደል ገባች። እሱ አላያትም። "በል አብሽር፣ አሁን ሰዓት ነው የሚመስለው" ብሎ ሄደ።

ጉሙ ከጦሳ ተራራ በኩል መውረድ ጀምሯል። ሀፊዝ ብርሃን ሳይጠፋ የመጨረሻዋን እንሞክር ብሎ ወደ ላይ ሮጠ፤ ሞላልኝ ላዳዋን ቁልቁል ወስዶ አዞረ። አብዱልወሀብ በዚህ መሐል ፔጆውን አስነሣ። አልተነሣም። ደገመ። ክዳኑን ከፍቶ ሲያይ ብሎኗ የለችም፤ ያለ እሷ ፑንቲናው ለሞተሩ እሳት አይሰጥም፤ መካኒክም ቢሆን የሚያደርገው የለም። ምንም ያልሆነው መኪና፣ ስንት ሰው ከረዳው በኋላ ተበላሸ።

ሞላልኝ መጠምዘዣውን ዞሮ ብቅ ሲል አብዱልወሀብ እጁን ወገቡ ላይ አላደረገም። ጎማም አልመታም። ከመንገዱ ጠርዝ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ መዳፉን ከፍ አድርጎ ቆሟል፤ አፉ ይንቀሳቀሳል። ሞላልኝ አየው። ይህን ፊት ከአሰብ ጀምሮ ያውቀዋል፤ አብዱልወሀብ ትወና የሚችል ሰው አይደለም። እግሩም ወደ ፍሬኑ ሄዶ ነበር። ነገር ግን ከላይ የካሜራው መስታወት ብልጭ አለ፤ ጉሙ ቀርቧል፤ ዳግመኛ መሞከር የለም። "እንዴት ጎበዝ ሆነ ይሄ ልጅ፣ እውነት አስመሰለው እኮ" አለ ሞላልኝ ለራሱ። እንዲህ ማለት ይቻል ነበር፤ እሱም አለ። ጥሩምባውን ነፋ፣ ከት ብሎ ሳቀ፣ መስኮቱን እንደዘጋ አለፈ።

"ኧረ አቁም ሞላልኝ!" አለ ደሳለው ከኋላ። "እጁን አነሣልህ እኮ!"

በስፖኪዮው ውስጥ አብዱልወሀብ እጁን ሳያወርድ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ፤ ከዚያ ጉሙ ዋጠው።

"ይህቺ ናት!" አለ ሀፊዝ ሞተር ሳይክሉ ላይ እየወጣ። "ከነጮቹም በለጠች!" ደሴ ፒያሳ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ሰው አጨበጨበ፤ መምህር ኪዳኑ ቀድመው ደርሰው ስለ መንገድ ደኅንነት እያስተማሩ ነበር። ሞላልኝን ሰው ትከሻው ላይ አነሣው። አብዱልወሀብ የት ቀረ ያለም አልጠፋም፤ "ይመጣል" አለ ሞላልኝ። ዝናቡ ጀመረ። እጁ ወደ ላዳዋ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ሁለቴም አንድ ሰው መጥቶ ጨበጠው።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ሲወርድ ጋራዡ ጋ ቆመ። "እንዴት ወረድክ?" አለው።

"አንድ ጭነት መኪና ጎተተኝ" አለ አብዱልወሀብ፣ ከመኪና ሥር ሳይወጣ። "ኸይር ነው፤ አብሽር።"

ሞላልኝ ሌላ የሚለው ነበረው። ግን ተሳፋሪ እየጠራኝ ነው ብሎ ሄደ። የጠራው ተሳፋሪ አልነበረም።

ፊልሙ የታየው እዚያው እትዬ ኡሙሰልማ ቤት ነው። መቆሚያ የለም፤ በመስኮት የሚያይ ሁሉ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ለወዳጅነት ያህል ሳቀ። መምህር ኪዳኑ ስለ ሞተር ጉልበት ሲያስረዱ አንዳንዱ ሻይ አዘዘ። ከዚያ ሐረጎ መጣ። ጉሙ፣ ፔጆው፣ የተከፈተው ኮፈን፣ የአብዱልወሀብ ከፍ ያለ እጅ። ላዳዋ ጥሩምባዋን እየነፋች አለፈች። ሀፊዝ ቢደክምም ሊያጠፋት ያልቻለው የደሳለው ድምፅ ቤቱን ሞላው፦ "ኧረ አቁም ሞላልኝ! እጁን አነሣልህ እኮ!"

አንድም ሰው አልሳቀም። ስንት እሁድ ጠረጴዛ ሲደበድብ የኖረው ሰው ሁሉ እጁን ታቅፎ ተቀመጠ። ሞላልኝ ከለመዳት ወንበሩ ላይ ሆኖ "ምን አለ?" የሚለው ጠያቂ ጠበቀ፤ ሊያስረዳ፣ ሊያስቅ፣ አንድ ነገር ሊል። ማን ይጠይቀው? ፊልሙ እኮ በአማርኛ ነው።

"ጥለኸው ሄድክ?" አሉ እትዬ ኡሙሰልማ፣ ብርጭቆ እንደያዙ።

"ፊልም ነው እኮ እትዬ።"

"እሱማ ፊልም ነው። እጁን ሲያነሣልህ ግን እኔ ከዚህ ሆኜ አየሁት።"

አብዱልወሀብ በዚያች እሁድ አልመጣም ነበር።

የዘይት ነጋዴው፣ "ኦርጅናሉን አይመስልም" ብሎ ሀፊዝን አሰናበተ። እንዴት ይምሰል! ነጋዴው ኦርጅናል የሚለው እሁድ እሁድ ከሞላልኝ አፍ የሚሰማውን ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በሳምንቱ አንዲት አሮጊት ሚኒባሱ ውስጥ አንድ እግራቸውን አስገብተው ፊቱን አዩና፣ "ያ ሰውዬ አንተ ነህ እንዴ?" ብለው እግራቸውን መልሰው አወጡ። ሐረጎ ላይ የሚያገኙት ሾፌሮች ለሰላምታ ጥሩምባ መንፋት ተዉ። እሱ ለያንዳንዱ ፊልም መሆኑን ያስረዳል፤ እነሱም "እናውቃለን፣ ፊልም ነው" ይሉታል፤ ግን አይስቁም።

ከዚያ ሽማግሌ ተላከ። ሐጂ ይመርና መምሬ ጥላዬ ደሴ ውስጥ አብረው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም፤ እነሱ ናቸው አንድ ቀን በጠዋት ሞላልኝን ከነሚኒባሱ አስቁመው፣ ኮምቦልቻ አብዱልወሀብ ጋራዥ ውረድ ያሉት። የጎማ ክምር ላይ ጨርቅ ተነጥፎ ተቀመጡ። ዱዓ ተደረገ።

"ምን አጣላችሁ?" አሉ ሐጂ ይመር።

"ኧረ አልተጣላንም!" አለ ሞላልኝ።

"አልተጣላንም ሐጂ" አለ አብዱልወሀብም።

"አዪ" አሉ ሐጂ፤ "የተጣላ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። በል አንተ ተናገር፣ ስለምን ጥለኸው ሄድክ?"

ሞላልኝ ስለ ፊልም ሥራ አስረዳ። ከላይ ካሜራ እንደነበረ፣ የሚደረገው ሁሉ አስቀድሞ ስምምነት እንደነበረበት፣ ነጮቹም በየሳምንቱ እንዲሁ እንደሚያደርጉ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ግን አብረው ራት እንደሚበሉ። አፉ እንደ ልማዱ ጥሩ ሄደለት። ሽማግሌዎቹ ሳያቋርጡ ሰሙት።

"መልካም" አሉ መምሬ ጥላዬ። "ፊልሙን አየነው። ይጣፍጣል አይጣፍጥም፣ እሱን አናውቅም። እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር ነው። ፊልሙ ካለቀ በኋላስ፣ ተመልሰህ ወረድክ?"

ሞላልኝ አፉን ከፈተ። የሌላ ሰው አፍ አይቶ ቃል የሚፈጥርለት ሰው ለራሱ አንዲት ቃል አጣ። ፒያሳ ሲያጨበጭቡለት፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ያ ከፍ ያለ እጅ ዓይኑ ላይ እንደነበረ አሁን ብቻ ሳይሆን ያኔም ያውቅ ነበር። አፈረ።

ሐጂ ወደ አብዱልወሀብ ዞሩ። "አንተስ ልጄ? ምኑ ነው የከፋህ?"

አብዱልወሀብ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር፤ ጠርጎም አልጨረሰ። "መቆሙ ቢቀር" አለ። "ብርሃን ሊጠፋ ነበር፣ ሥራም ነበር፤ አልፈርድበትም። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ቢያደርግልኝ ኖሮ..."

ሞላልኝ ተነሥቶ ጉልበቱን ያዘው። "አፉ በለኝ" ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከአንጀቱ ነበር፤ ያን ያህል አጭር ነገር ተናግሮ አያውቅም።

"አፉ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ። ተነሥ አቦ፣ ሰው ያያል" አለ አብዱልወሀብ።

ሽማግሌዎቹ መርቀው፣ አሜን አስብለው ሲሄዱ ሁለቱ ጎማዎቹ ላይ ቀሩ። አብዱልወሀብን ሳቅ አመለጠው።

"ምን ያስቅሃል?" አለ ሞላልኝ።

"ያቺ እህቱ" አለ አብዱልወሀብ። "የመላጣው እህት። በአላህ፣ ከየት አመጣሃት? ሰውየው ስለ ጎማ ንፋስ ሲያወራ አንተ ስለ ሠርጓ ታወራለህ።"

ሞላልኝ ደነገጠ። "ታውቅ ነበር?"

"አሰብ ወደብ ስንት ዓመት ሠራሁ? ከመርከቡ ሰዎች ጋር በምን የማወራ መሰለህ፣ በአማርኛ?"

"ከመጀመሪያ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

አብዱልወሀብ ጥያቄው ራሱ የገረመው መሰለ። "ሰው ፊት ቆመህ ነበራ" አለ። "እንዴት አድርጌ ጥዬህ ልለፍ?"

ሞላልኝ ያን ቀን ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ ላይ ለቆመው ሁሉ ቆመ። ሽንት ለመሽናት ለቆመው ሳይቀር መስኮቱን እየከፈተ "ኸይር ነው?" አለ።

እሁድ ሲመጣ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆም ብሎ ነበር፤ አብዱልወሀብ ነው በክንዱ ይዞ ያስገባው። ሰዉ ሁለቱን አብረው ሲያይ ቦታ ለቀቀ፤ ያቺ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው ወንበር ባዶዋን ትጠብቅ ነበር። ሽምግልናው ወሬው ቀድሞ ደርሷል። እትዬ ኡሙሰልማ ምንም ሳይሉ ሁለት ሻይ አስቀመጡ።

ፕሮግራሙ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የመላጣው መኪና ዳገት ላይ ጢሷን ለቃ ቆመች፤ ሰውየው ኮፈኑን ከፈተ። ከኋላው ቀይ ጢሙ ጥሩምባውን እየነፋ፣ ጥርሱ እስኪታይ እየሳቀ መጣና አለፈው። ማንም ጠረጴዛ አልመታም። ሁሉም ወደ ሞላልኝ ዞረ።

"ምን አለው?" አሉ እትዬ ኡሙሰልማ፣ ቀስ ብለው።

"‹ውሃ ላመጣልህ ነው የምቀድምህ፤ ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ› አለው" አለ ሞላልኝ።

"እሰይ!" አለ ቤቱ። "እኔ ድሮም ሰው ናቸው ብያለሁ" አሉ እትዬ ኡሙሰልማ።

ከኋላ ግን አንድ ነገር የማያልፍ ሰው ነበር። "ውሃ ሊያመጣለት ከሆነ ታዲያ ምን ያስቀዋል?" ብሎ ጠየቀ።

ሞላልኝ ቴሌቪዥኑን አየ። ቀይ ጢሙ አሁንም ይስቃል፤ አገር አማን ነው ብሎ ይንከተከታል። ሞላልኝ ቃል ፈለገ፤ አፉ አልታዘዝ አለው። ሰዉ እየጠበቀ ነው።

ከቀኙ አብዱልወሀብ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በዚያ ቤት ውስጥ አንድም ቀን ተርጉሞ አያውቅም።

"መላጣው እህቱን ፈቅዶለታል" አለ። "ለዚያ ነው የሚስቀው።"

ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።